ጋሽ በዛብህ ያላስተካከለው ፊት

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ የተፈጠርክበትን ፊት እንደ መጨረሻ ነገር የማይቀበል። ከፊቱ ስትቀመጥ አገጭህን ይዞ ያነሳዋል፣ ትከሻህን ያቃናዋል፣ ጆሮህን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይቆይልኝ እንደሆነ ያየዋል። እግዜር ሥራውን ጀምሮ የቀረውን ለእሱ ያስተላለፈለት ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ፎቶ አንሺ ሐረርም አለ፣ ናዝሬትም አለ፣ ጅቡቲም አይጠፋም። የድሬዳዋው ግን የሁሉም አለቃ ነበር።

ስሙ በዛብህ ነው። ሰፈሩ በፊት "ክቡር ፊት አስተካካይ" ይለው ነበር። አብዮቱ መጥቶ ክቡር መባባል ሲቀር "ጓድ ፊት አስተካካይ" ተባለ። ማዕረጉ ከመንግሥት ጋር አብሮ በመለወጡ ቅር አላለውም፤ ዋናው ነገር ማዕረግ መኖሩ ነው።

ፎቶ ቤቱ ሸጋ ፎቶ ይባላል። ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር መግቢያ ላይ ናት፤ ከመሐሙድ ፀጉር ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ሰው በጫማው ይሻገረዋል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጋሽ በዛብህ ለደንበኛው ውሃ ያዘጋጀለት። ከወንበሩ ጀርባ በተወጠረው ሸራ ላይ ሰማያዊ ባሕር ተስሏል፤ ባሕሩ ላይ ደግሞ ትልቅ ነጭ መርከብ አለ። መርከቡ ወደ ቀኝ፣ ወደ በሩ ነው የሚሄደው። የድሬ ሰው በሙሉ እዚያ መርከብ ፊት ተነስቷል፤ የተዳረውም፣ የተመረቀውም፣ ውትድርና የሄደውም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያው መርከብ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይኖራል። እስከ ዛሬ የትም አልደረሰም።

ኮቱም አንድ ነው። ጥቁር ኮት ሆኖ ጀርባው ለሁለት ተቀዷል፤ ለቀጭኑ በክር ይጠፈራል፣ ለወፍራሙ ይለቀቃል። ሰውዬው ከፊት ሲያዩት ሚኒስትር ነው፤ ከኋላ ሲያዩት ገበያ የሚወርድ ዶሮ።

ታዲያ ጋሽ በዛብህ እንደ ሌላው ፎቶ አንሺ "ፈገግ በል" አይልም። ጭንቅላቱን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ከትቶ "ሰው ምሰል!" ብሎ ይጮሃል። ሴት ከሆነች "ሰው ምሰዪ!"፣ ቤተሰብ ከሆነ "ሰው ምሰሉ እንጂ!" ምን ማለቱ እንደሆነ የተረዳ የለም። አንዱ ደረቱን ይነፋል፣ አንዱ ትንፋሹን ይይዛል፣ አንዱ እንደ ተቆጣ ድመት ዓይኑን ያፈጣል። በዚህ መሃል የድሬ ሙቀት የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ፀጉር ላይ የተቀባው ቅባት ቀልጦ በጆሮ ሥር ይወርዳል።

"ላብህን ጥረግና እንደገና ሰው ምሰል!"

አንስቶ ሲጨርስም አማረ አይልም፣ ከፋ አይልም። አንድም ደንበኛ "አሁን ሰው መሰልክ" የሚል ቃል ከአፉ ሰምቶ አያውቅም። የሚላት አንዲት ነገር ናት፤ "ፊትህን ለእኔ ተወው።"

ሰዉን የሚያስፈራውም ይሄ ነበር።

ከቀትር በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ጋሽ በዛብህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እርሳሱን ይቀርጻል። ነጋቲቭ፣ ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ደብዘዝ ይላል። እርሳስ የሚይዘው ደብዘዝ ያለው ነው። እዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ነገር ሁሉ ይደልዘዋል። የፈንጣጣ ጉድጓድ ይደፍናል፣ የግንባር መስመር ያስተኛል፣ ያበጠ ዓይን ያሳርፋል። ማተሚያው ላይ ሲያስገባም የትኛው ወገን ወደ የት እንደሚዞር ለማወቅ መብራት አያስፈልገውም። እርሳስ የነካውን ወገን ጣቱ ያውቀዋላ።

ጥፋት ግን አያምንም። ፊልም የሚታጠብበት ውሃ በድሬ ሙቀት እንዳለ ከተተወ ፊልሙ ላይ ያለው ፊት ይቀልጣል፤ ለዚህ ብሎ በየቀኑ በረዶ ይገዛል። አንድ ሰሞን በረዶ ጠፍቶ የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር አገጭ ቀልጦ ክራባቱ ላይ ደረሰ። ሹፌሩ መጥቶ ሲጮህ ጋሽ በዛብህ ፎቶውን ራቅ አድርጎ አየና፣ "ፎቶዬ አይሳሳትም። የሚሳሳት ፊት ነው" አለው። ሹፌሩ እቤቱ ሄዶ አገጩን በመስታወት አየ ይባላል።

ወይዘሮ ዘርፈሽም የዚሁ ሰለባ ናቸው። ለቀበሌ መታወቂያ ተነሱ። ጋሽ በዛብህ እርሳሱን አሹሎ ጠበቃቸው። መታወቂያውን ይዘው ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ሲሰለፉ ዘበኛው ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ "እማማ፣ በልጅዎ መታወቂያ ስኳር አይሰጥም" አላቸው። እየበረሩ ፎቶ ቤቱ ገቡ።

"በዛብህ! ምን አድርገኸኝ ነው?"

"ፎቶዬ አይሳሳትም፣ ዘርፈሽ። አንቺ ነሽ ፎቶውን ያልመሰልሽው።"

ወይዘሮ ዘርፈሽ ሊሰድቡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ፎቶውን አንድ ጊዜ ደግመው አዩትና ዘጉት። ሲሞቱ ልቅሶው ላይ የሚቀመጠው ይሄው እንዲሆን ለልጆቻቸው የተናዘዙት የዚያኑ ሳምንት ነው።

የቀበሌው ካድሬ ደግሞ የኮስታራ ሰው ፎቶ ፈለገ። ግንባሩን ቋጠረ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ ቡጢውን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። ጋሽ በዛብህ ከቀትር በኋላ በእርሳሱ ቋጠሮውን ፈታው፣ ቅንድቡን በተነው። ቡጢው ብቻ ቀረ። ፎቶው ሲወጣ ካድሬው ጡት ጠግቦ እጁን የጨበጠ ሕፃን ሆኗል። መሐሙድ ከግድግዳው ወዲያ ጆሮውን ለጥፎ ነበር፤ ምላጩ ከእጁ ወደቀ።

"ቁጣዬ የት ሄደ?" አለ ካድሬው፣ ቀስ ብሎ።

"ጓድ፣ በስብሰባው ላይ አሸንፈናል አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ያሸነፈ ሰው ምን ያስቆጣዋል?"

ካድሬው ቡጢውን ፈቶ ሂሳቡን ከፈለ። ፎቶውን ለእናቱ ላከው አሉ። እናቱም ወደዱት አሉ።

እንግዲህ ወልደማርያም የመጣው እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ነው።

ወልደማርያም በባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አንድ ቀን የጋለ ብረት ፈንጥቆ ግራ ጉንጩን ከዓይኑ ሥር እስከ መንጋጋው ድረስ አረሰው። ቁስሉ ዳነ፣ ጠባሳው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሲቆም ጥርሱን ያመመው ይመስል ጉንጩን በመዳፉ ይደግፋል። ድሮም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ፊደል የቆጠረው በቅርቡ፣ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው፤ የሱቅ ስም ሲያነብ ከንፈሩ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ ነው የሚያነበው። ትምህርቱን ሲጨርስ ለምስክር ወረቀቱ ጋሽ በዛብህ አነሳው። ጉንጩ እንደ ሐር ተስተካክሎ ወጣ። ወረቀቱ አክስቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ወልደማርያም ባየው ቁጥር ማንበብ የተማረው ሌላ ሰው ይመስለዋል።

አክስቱ ወለተ ጊዮርጊስ ናት ያሳደገችው። ይሄ ልጅ ዝም እንዳለ ሊያረጅ ነው ብላ ሚስት ስትፈልግለት ቆይታ፣ ሚኤሶ አንዲት ልጅ አገኘች። ሙሉነሽ ትባላለች፤ ከአጎቷ ከአቶ ገብረ መድኅን ጋር ነው የምትኖረው። አቶ ገብረ መድኅን ለነገሩ አልጠሉም፤ ግን በፊት የተቃጠሉበት ነገር አለ። አንዲት የእህታቸው ልጅ ከሁለት ወንድማማቾች የታናሽየውን ፎቶ አይታ እሺ ብላ፣ ሠርጉ ቀን ከጎኗ የቆመው ታላቅየው ነበር። ስለዚህ መልእክት ላኩ፤ "ፎቶ ይምጣ። እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ። ፎቶውና ሰውየው ካልገጠሙ በመልሱ ባቡር ይዣት እሄዳለሁ።"

"ፎቶ አለ አይደል እንዴ!" አለች ወለተ ጊዮርጊስ፣ ወደ ምስክር ወረቀቱ እያሳየች። "ይኸው፣ እንዴት እንደሚያምር! ከዚሁ ላይ ያትምልህ።"

ወልደማርያም ወረቀቱን አየው። ልጅቷ ከባቡር ስትወርድ ታየችው። ያንን ሐር ጉንጭ ስትፈልግ፣ ዓይኗ እሱ ላይ አርፎ፣ እሱ እንዳልሆነ ሰው አልፎት ሲሄድ ታየው። "አይሆንም" አለ። አክስቱ ደነገጠች፤ አይሆንም ሲል ሰምታው አታውቅም።

ሸጋ ፎቶ በር ላይ ደረሰና አልፎ መሐሙድ ፀጉር ቤት ገባ። ተቆረጠ። በማግሥቱም መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ አልፎ ገብቶ ተቆረጠ። ሌላ ቀን እንደገና ሲቀመጥ መሐሙድ መቀሱን አስቀመጠ።

"ወላሂ ወልዴ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ቆዳህ ነው። አቦ፣ ምንድነው የፈለግከው?"

ወልደማርያም በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

መሐሙድ ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው። "በዛብህ! ደንበኛ አለህ! አንተን ፈርቶ እኔን አበለጸገኝ!"

የሚኤሶውን ነገር ከአክስቱ የሰማው ጋሽ በዛብህ ኮቱን አልብሶ፣ በክር ጠፍሮ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። በድሬ ልማድ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፤ ወልደማርያም ግን አንተ ለማለትም ድፍረት ያንሰዋል።

"ጋሽ በዛብህ... ጠባሳዬን..."

"አውቃለሁ። ፊትህን ለእኔ ተወው።"

"አይደለም። ጠባሳዬን ተውልኝ።"

ጥቁሩ ጨርቅ ተነቃነቀ። ጋሽ በዛብህ ጭንቅላቱን አወጣ።

"ምን አልክ?"

"እንዳታጠፋው።"

"አሞሃል?"

"አቦ በዛብህ!" አለ ግድግዳው። "ልጁ የጠየቀህ የራሱን ጠባሳ ነው፣ ያንተን አይደለም! ስጠውና ይሂድ!"

"አንተ ፀጉርህን ቁረጥ!" ብሎ ወደ ግድግዳው ጮኸና ወደ ወልደማርያም ዞረ። "ሰው ለጋብቻ መልካሙን ነው የሚልከው፣ አይደለም እንዴ? እዚህ ቤት አንድም ሰው ጠባሳ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። የኔ ስም አለበት!"

ወልደማርያም ላቡን ጠረገ። ከዚያ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ።

"አሁን ካላየችው ጣቢያ ላይ ታየዋለች። ጣቢያ ላይ ደግሞ ሰው አለ።"

ጋሽ በዛብህ ካሜራውን ዞረ፣ መብራቱን ነካካ፣ ሸራውን አቃና፤ ነገሩን በሌላ ነገር ሊያሳልፈው ፈለገ እንጂ አላለፈም። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ውስጥ ገባ። ወልደማርያም መዳፉን ወደ ጉንጩ ላከ።

"እጅህ!" የሚል ጩኸት ከጨርቁ ውስጥ ወጣ። "ተውልኝ ያልከው አንተ አይደለህም? ታዲያ ምን ያስሸፍንሃል? አውርድ! ሰው ምሰል!"

እጁ ወረደ። ፎቶው ተነሳ።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ጋሽ በዛብህ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እርሳሱን ቀረጸ፣ ነጋቲቩን አነሳ፣ የወልደማርያምን ቃል አስታወሰ፣ እርሳሱን አስቀመጠ። እንደገና አነሳው። እንደገና አስቀመጠው። እንዲህ ከሚያሠቃየኝ ብሎ ተነስቶ ጨለማው ክፍል ገባና፣ እርሳስ ያልነካውን ነጋቲቭ፣ የትኛው ወገን የት እንደሆነ ጣቱ ሳይነግረው፣ ማተሚያው ውስጥ ከተተው። አተመ። ፎቶው ደርቆ ሲያነሳውም በወጉ አላየውም፤ ጠባሳው ዓይኑን ስለሚወጋው ገልብጦ ነው ያስቀመጠው።

ወልደማርያም መጥቶ አየ። በየጠዋቱ ጢሙን ሲላጭ መስታወት ውስጥ የሚያየው ሰው ነው፤ ጠባሳው በለመደው ወገን፣ ሁሉም በለመደው ቦታ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"እንዲህ ነው የምትታየው?"

"በየቀኑ።"

ጋሽ በዛብህ ራሱን ነቀነቀ። ፎቶ ሲሰጥ ጀርባው ላይ የሸጋ ፎቶን ማኅተም መምታት ልማዱ ነው፤ ማኅተሟን ከኪሱ አውጥቶ ትንፋሹን እፍ ይልባትና ያሳርፋታል። ይሄንን ግን ሳይመታ ፖስታ ውስጥ ከተተው። "ይሄን ማን አነሳው ካሉህ" አለ፣ "መንገደኛ ነው በል።"

ከሚኤሶ መልስ መጣ። ሙሉነሽ እሺ ብላለች።

የመምጫቸው ቀን ባቡር ጣቢያው እንደ ምድጃ ግሏል። ወለተ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ይዛለች። መሐሙድ ማበጠሪያና የእጅ መስታወት ይዞ ወልደማርያምን ይከተላል፤ የቀረች አንዲት ፀጉር እንዳለች እርግጠኛ ነው። ጋሽ በዛብህ ማንም ሳይጠራው ካሜራውን አንግቶ መጥቷል። "ሙሽሮቹ ሲገናኙ ላነሳ ነው" ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሳያስተካክለው የለቀቀው ፊት ምን እንደሚያጋጥመው ሳያይ ማደር አልቻለም።

ባቡሩ ደረሰ። ከኮንትሮባንድ ነጋዴውና ከተሸካሚው ግርግር መሃል ካኪ ኮት የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሰው ወረዱ። ከኋላቸው አንዲት ልጅ ሻንጣ ይዛ ወረደች።

"እንኳን ደህና መጣህ አባቴ!" አለ መሐሙድ።

አቶ ገብረ መድኅን ቆሙ። "ማን ነው አንተ የሚለኝ?"

"እኔ ነኛ!" አለ መሐሙድ ደስ ብሎት።

ወልደማርያም ወደ ፊት ወጣ። መዳፉ ወደ ጉንጩ ጉዞ ጀመረ፤ "እጅህ!" የሚለው ጩኸት ትዝ አለውና መለሰው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። አጎቷ ከደረት ኪሳቸው ፎቶውን አወጡ። ፎቶውን አዩ፣ ወልደማርያምን አዩ፣ ፎቶውን ወደ ፊቱ አስጠግተው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ ሰውየው አይደለም።"

"እንዴት አይደለም!" አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

"እዚህ ላይ ጠባሳው በቀኝ ነው። ይሄኛው በግራ ነው። የማን ወንድም ነህ አንተ?"

"ወንድም የለኝም ጌታዬ።"

"በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ፣ እሱ ራሱ ነው!" አለች አክስቱ።

"ጠባሳ ከጉንጭ ጉንጭ ይሻገራል እንዴ፣ ወይዘሮ?" ፎቶውን ገለበጡት። "ማኅተም እንኳ የለውም! ማኅተም የሌለው ፎቶ! ይኸው፣ እንደ ፈራሁት!"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ወልደማርያም የፈራው ሰው ሁሉ፣ ጣቢያ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ጉንጩን ሊያይ ዙሪያውን ቆመ። ግርግር ያየ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ጓድም እየገፋ ገባ።

"ምንድነው? መታወቂያ!"

ወልደማርያም መታወቂያውን ሰጠ። ጓዱ አየው፣ ወልደማርያምን አየው፣ ከአቶ ገብረ መድኅን እጅ ፎቶውን ተቀብሎ አየው። ግራ ገባው።

"መታወቂያው ላይ ጠባሳ የለም" አለ። "ፎቶው ላይ በቀኝ ነው። ሰውየው ላይ በግራ ነው። ስንት ናችሁ እናንተ?"

ሕዝቡ ሳቀ። ወልደማርያም አልሳቀም፤ መዳፉ ጉንጩ ላይ ወጥቶ ተጣብቋል። አቶ ገብረ መድኅን ከልጅቷ እጅ ሻንጣውን ወሰዱ። "ነይ እንሂድ። የመልሱ ባቡር እስኪመጣ ጥላ ሥር እንቀመጣለን።"

"በዛብህ!" አለች ወለተ ጊዮርጊስ እየጮኸች። "አንተ አይደለህም ያነሳኸው? ተናገር እንጂ!"

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ በዛብህ ዞረ። ደንበኛው የነበረ ሁሉ አለ፤ ሹፌሩም፣ ስኳር የተከለከሉት ወይዘሮ ዘርፈሽም። ጋሽ በዛብህ ደረቱን ነፋ።

"ፎቶዬ አይሳሳትም" አለ። "የሚሳሳት..."

ወልደማርያምን አየው። ጉንጩን በመዳፉ የያዘውን፣ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለውን። ፎቶውን ከጓዱ እጅ ወሰደ። ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ አየው። መሐሙድ በትከሻው ላይ አንገቱን አሰገገና ጮኸ፤

"አቦ በዛብህ፣ መርከቡ! መርከቡ እየተመለሰ ነው!"

እውነትም የድሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መርከብ፣ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ የኖረው፣ ወደ ግራ ዞሮ ይሄዳል።

ጋሽ በዛብህ ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። ሸራው ተቀይሯል ቢል ማን ያውቃል? መንገደኛ ነው ያነሳው ቢልም ማኅተም የለበትም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ነጋቲቩን ገልብጬ አትሜዋለሁ" አለ። "ፎቶው ነው የተሳሳተው። ፊቱ ልክ ነው።"

ሹፌሩ አገጩን ዳሰሰ። ጋሽ በዛብህ ከመሐሙድ እጅ መስታወቱን ነጠቀና ወልደማርያም ጉንጭ አጠገብ ያዘው፤ ፎቶውን ከመስታወቱ ጎን አደረገው።

"ና፣ እይ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን እይ፣ ፎቶውን እይ። አንድ አይደሉም?"

አቶ ገብረ መድኅን አንተ መባላቸውንም ረስተው ጎንበስ ብለው አዩ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውና ፎቶው ላይ ያለው ሰው፣ ጠባሳቸው በአንድ ወገን፣ አንድ ናቸው። የአብዮት ጥበቃው ጓድም በተራው አየ፣ ሳቀ፣ መታወቂያውን መልሶ ሰዉን መበተን ጀመረ።

አቶ ገብረ መድኅን ግን ሻንጣውን አላስቀመጡም። "አንዴ የገለበጠ ሰው..." አሉ።

"ጋሼ" አለች ሙሉነሽ። ከወረደች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። "ጠባሳ እንዳለው አውቄ አይደል የመጣሁት? በየትኛው ጉንጭ ነው ብዬ አልጠየቅኩም።"

"ቢሆንም ልጄ..."

"ከዚህ በፊት ከድሬ የመጡልኝን ፎቶዎች ያስታውሷቸዋል? በመርከቡ ነው የማውቃቸው። ሁሉም የተላጠ እንቁላል ነበሩ። ይሄኛው ነው ያለውን አሳይቶ የላከ።"

የተላጠ እንቁላል የሚለው ጋሽ በዛብህ ጆሮ ደርሷል። ካሜራውን ከትከሻው አውርዶ ማስተካከል የማያስፈልገውን ነገር ያስተካክል ጀመር።

አቶ ገብረ መድኅን ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ወልደማርያምን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሻንጣውን ዘረጉለት።

"ያዝ እንግዲህ" አሉ። "ይከብዳል።"

ሻንጣው በአንድ እጅ የሚያዝ አልነበረም። ወልደማርያም ከጉንጩ ላይ እጁን አውርዶ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ጋሽ በዛብህ ከዚያ በኋላ ተለወጠ ብላችሁ እንዳታስቡ። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ እርሳሱን ሲቀርጽ ነው የዋለው። የሠርጉን ፎቶም ሲሠራ የአቶ ገብረ መድኅንን ግንባር እንደ አዲስ አንሶላ ዘረጋው፤ ሰውየው ሚኤሶ ሲደርሱ አጥብቀው አመሰገኑት። የወልደማርያምን ጉንጭ ብቻ አልነካም።

ያ የተገለበጠው ፎቶ አሁን ወልደማርያም ቤት፣ ጢሙን ከሚላጭበት መስታወት ጎን ተሰቅሏል። ሙሉነሽ ፎቶውን "ወንድምህ" ትለዋለች። "ወንድምህ ዛሬ ጢሙን ተላጭቷል፣ አንተስ?" ትላለች። ጋሽ በዛብህ እሑድ እሑድ ይመጣል። ሻይ ይቀርብለታል፤ ሻዩን ሳይነካ ግድግዳውን ማየት ይጀምራል። በትክክል አትሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ መርከቡን ወደ ቀኝ መልሶ ያመጣላቸው ሌላ ፎቶ አለ። ተቀብለው አመስግነው ሳጥን ውስጥ ከተውታል።

"ያንን ስቀሉት እንጂ! ሰው ምን ይለኛል?"

"እሺ ጋሽ በዛብህ" ይላል ወልደማርያም። አይሰቅለውም።

አንድ እሑድ ሙሉነሽ ጓዳ ነበረች፤ ወልደማርያም ደግሞ ስኳር ሊያመጣ ሱቅ ወጥቷል። ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ በዛብህ ብቻውን ቆሟል። ፎቶውን ከሚስማሩ አውርዶ በሁለት እጁ ይዞታል። ትኩር ብሎ አየው። አገጩን ሊያቃናው፣ ትከሻውን ሊያነሳው የፈለገ ይመስላል፤ ግን አልነካውም። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ማኅተሟን አወጣ፣ እፍ አለባት፣ ፎቶውን ገልብጦ ጀርባው ላይ መታት። መልሶ ሰቀለው፣ ራቅ ብሎ ቆመ።

"ሰው ይመስላል" አለ፣ ለራሱ።

ወልደማርያም በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ በዛብህ ዘሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሻዩን አነሳ።

"ይሄን አሳፋሪ ፎቶ መቼ ነው የምታወርዱት?" ብሎ ጮኸ።